ለአንዲት ትንፋሽ የተከራከርኩ ዕለት

ነገሩ የሆነው አምና፣ የካምሲን ነፋስ ጅቡቲን በሚጠብስበት ወቅት ነው። የማልረሳው ግን በሙቀቱ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ስመካበት የኖርኩት ሙያ ምንም ያልፈየደልኝ ያን ቀን ስለሆነ ነው።

ሙያዬ ክርክር ነው። ሰው ግን ጨርቅ ነጋዴ ይለኛል። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ሱቅ አለኝ። ጢሜን ሂና እቀባለሁ። ሚስቴ "እርጅናህን አደመቀው እንጂ አልደበቀውም" ትላለች። እውነቷን ነው።

ሉባባ ደንበኛዬ ናት። የከሚሴ ልጅ ስትሆን አምቡሊ አካባቢ ፈረንጆች ቤት እየኖረች ትሠራለች። ነፍሰ ጡር ሳለች ለሕፃኑ መጠቅለያ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ልትገዛ መጣች። ለክቼ ልቆርጥ ስል፣

"አባባ፣ ምርቃትስ?" አለች።

"ምርቃት ዋጋ ለማያስወርድ ነው። አንቺ ዘርፈሽኝ ጨርሰሻል።"

"የምለምነው እኔ አይደለሁም፤ ከድር ነው" ብላ ሆዷን አሳየችኝ።

ከድር ሟች አባቷ ነው። ወንድ ከወለደች በስሙ ልትጠራው ወስናለች። የልጁ አባት ስልኩን ከዘጋ ስለሰነበተ ሐሳቧን የሚቃወም አልነበረም። ስንዝር ጨመርኩላት፤ እያጉረመረምኩ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ጠዋት ከሆስፒታል ደወለች። ስምንት ወር ሲሞላት ወንድ ልጅ ሞቶ ተወልዶባታል። የሆስፒታሉ ወረቀት ማዘጋጃ ቤት ካልተመዘገበ የመቅበሪያ ፈቃድ አይሰጥም። እሷ ከአልጋ መነሳት አትችልም፤ ፈረንሳይኛም አታውቅም። እኔ አውቃለሁ እያልኩ ስፎክር ሰምታኛለች።

"አባባ፣ ዛሬውኑ ይቀበርልኝ። ስሙንም ከድር ብለህ አስጽፍልኝ።"

የሆስፒታሉን ወረቀት ተቀብዬ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። መዝጋቢዋ ወረቀቱን አየች፤ ቀጥላ ጢሜን አየች።

"አዴር፣ አባትየው አንተ ነህ?" አለችኝ። በሶማልኛ አጎቴ ማለቷ ነው።

"ብሆን ኖሮ ሚስቴ እዚህ በእግሬ እንድደርስ ትተወኝ ነበር?"

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ደንቡን አስረዳችኝ። ልጅ በሕይወት ተወልዶ ከሞተ፣ የኖረው አንድ ደቂቃም ቢሆን፣ መጀመሪያ ልደቱ ከነስሙ ይመዘገባል፤ ከዚያ ሞቱ ይጻፋል። ሳይተነፍስ ከተወለደ ግን የልደት ወረቀት አይኖረውም። ከእገሊት ሞቶ የተወለደ ተብሎ ይጻፋል፤ በቃ። ስም የሚገባበት ቦታ የለም።

ይኼኔ የነጋዴ አመሌ ተነሳ።

"ትንሽ ተንፍሶ ይሆናል እኮ" አልኩ።

"ሐኪሙ አልተነፈሰም ብሎ ፈርሟል።"

"ሐኪም ይቸኩላል። አንዴ ብቻ ተንፍሷል ነው የምልሽ። አንዲት ትንፋሽ ምን አላት? ምርቃት ብለሽ ጨምሪለት።"

እውነቴን ነው፣ ይህን ብያለሁ። ባረጀ ዕድሜዬ መንግሥት መሥሪያ ቤት ቆሜ፣ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ፣ ለሞተ ልጅ ትንፋሽ እከራከር ነበር።

"አዴር፣ ትንፋሽ በሜትር አይሸጥም" አለችኝ። ድምፅዋ ግን አልከረረም። "ተንፍሷል የምትል ከሆነ ወረቀቱን ወደ ሐኪሙ እመልሰዋለሁ። መልሱ እስኪመጣ ልጁ እዚያው ይቆያል። እኛ ደግሞ ልንዘጋ ነው።"

ቢሮ ሁሉ የሚዘጋበት የጫት ሰዓት ተቃርቧል። በማግስቱ ዓርብ ነው፤ እዚህ ዓርብም ቅዳሜም ቢሮ ዝግ ነው። ወደ ጥግ ሄጄ ደወልኩላት።

"ሉባባ፣ ዛሬ ከተቀበረ ስሙ አይጻፍም። ስሙን እናስጽፍ ካልን ደግሞ ዛሬ አይቀበርም፤ መተንፈሱን ማስመስከር ሊኖርብን ነው። እኔ ግን ትንሽ ብገፋት..."

"አባባ፣ አልተነፈሰም" አለችኝ። "ጆሮዬን አቁሜ ጠብቄው ነበር። ምንም የለም። ይቀበር።"

"ስሙስ?"

"ስሙንማ እኔ አውቀዋለሁ። አንተም ታውቀዋለህ።"

ተመልሼ እንደተባለው ይሁን አልኩ። መዝጋቢዋ የእናቱን ስም ጽፋ ፈቃዱን ሰጠችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በተጠራልኝ ዋጋ ወሰድኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት ቀበርነው። የተከፈነው ከእኔ በገዛችው ነጭ ጨርቅ ነበር። ለእሱ በዝቶበት፣ ትርፉን እግሩ ሥር አጠፍነው። ቆፋሪው "የማን ልጅ ነው?" ሲለኝ፣ "ከድር ይባላል" አልኩት። ያልተጠየቅኩትን መመለስ የቆየ ልማዴ ነው።

አሁን ሳስበው በመዝጋቢዋ አልቀየምም። ሥራዋን ሠራች። በራሴ ግን አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሳቄ ብዙ አይቆይም።

ሉባባ አሁንም ሱቄ ትመጣለች። ዋጋ ታስወርዳለች፤ ምርቃት ግን ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። ሳትጠይቀኝ ስንዝር እጨምርላታለሁ፤ እያጉረመረምኩ።