ስክሪኑ ደህና ነው

ሰፈሩ "ሙት አስነሺ" ይላታል። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ የሙያ ስሟ ነው። የተቀደደ፣ ውሃ የነካው፣ አይጥ የበላው የሟች ፎቶ ያመጡላታል፤ እሷ ሳሎኗ ጥግ ካለው ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላ የጎደለውን ሞልታ፣ የተቆረጠውን ገጥማ ሰው አድርጋ ትመልስላቸዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የማንንም እጅ ሳታይ የኖረችው በዚሁ ነው። ታናሽ ወንድሟንም ያስተማረችው እሷ ናት። ዛሬ ዋናው መንገድ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቶ "ባለሙያው" የሚባለው ሰውዬ፣ ማውስ አያያዝ እንኳ የለመደው እዚችው ሳሎን ውስጥ ነው።

መጀመሪያ የስክሪኑ ግራ ጥግ ጠቆረ። ቀጥሎ ጠቅላላው እየደበዘዘ ሄደ። እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ቀስ እያለ ነው የሚሰርቅሽ። ሲጨልምባት ፎቶውን ታበራዋለች፤ በማግስቱ ትንሽ ትጨምርበታለች። ታትሞ ሲወጣ ሟቹ ሁሉ ገርጥቶ አረፈው።

አንዱ ደንበኛ ፎቶውን ጠረጴዛዋ ላይ መለሰና "እትዬ፣ አባቴ እኮ ሹፌር ነበር፤ ወፍጮ ቤት የሠራ አስመሰልሽው!" አላት። አብራው ሳቀች። በሩን ዘግቶ ሲወጣ ግን አለቀሰች።

ወንድሟን ጠራችው። መጣ፤ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ፤ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፤ ቁልፎቹን ነካካ፤ ራቅ ብሎ አየ፣ ቀረብ ብሎ አየ።

"ስክሪኑ ደህና ነው፣ እታለም" አለ። "ዓይንሽ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ አፍጥጠሽበት!"

"ወረቀቱንማ ደህና አየዋለሁ እኮ።"

"ዓይን መጀመሪያ የሚደክመው ለሚያበራ ነገር ነው።"

"ጥጉስ? አልጠቆረም?"

"የቱ ጥግ?"

የምታየውን ጥቁር ሌላው ካላየው ምን ትበል? መነጽር አሠራች፤ በእሷ ዕድሜ መነጽር የማይታዘዝለት የለምና ታዘዘላት። ጽሑፉ ጎላ፤ ሟቾቹ ግን እንደገረጡ ቀሩ። "ሥራውን ወደ እኔ ላኪውና አንቺ እረፊ" አላት ወንድሟ። ደንበኞቿን አንድ በአንድ ላከችለት። ይባስ ብላ መረቀችው፤ "እኔን እንደጦርከኝ ልጆችህ ይጡሩህ" አለችው። አሜን አለ! እኔ የማልረሳለት ይቺን አሜኑን ነው።

ለጠየቀው ሁሉ "እህቴማ ዓይኗ ደከመ" እያለ ስላወራ፣ ሰፈሩ የፎቁ ደረጃ ላይ ክንዷን እየያዘ ያወርዳት ጀመር። ሥራ የለመደ እጅ ሲፈታ ያማል። ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ስታፍተለትል ትውላለች።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ወንድሟ ሥራ በዛብኝ ብሎ ኮምፒውተሩን ሊወስድ መጣ። አቧራ ከሚጠጣ ይጥቀመው ብላ እሺ አለች፤ ራሷ በጨርቅ ወለወለችለት። እሱ የኮምፒውተሩን ሳጥን አቅፎ ሲነሳ፣ እሷ ስክሪኑን ከነገመዱ አንስታ ተከተለችው።

"እሱን ተዪው" አለ፣ በሩን በእግሩ እየገፋ። "እሱማ መብራቱ ካለቀ ስንት ጊዜው! የት ላደርገው?"

ካፉ ካመለጠው በኋላ ነው የደነገጠው። ቆመ። እሷም ስክሪኑን እንዳቀፈች ቆመች።

"ስንት ጊዜው?" አለች።

"አይ... አሁን አሁን ማለቴ ነው፣ እታለም።"

"የቱ ጥግ አላልከኝም?"

"ደክሞሽ ነበራ! ላንቺው ብዬ ነው!"

ዓይን ያወጣ ውሸት ማለት ይሄ ነው። መነጽሯን አወለቀች። ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ችፍ ያለውን ላብ ጠብታ በጠብታ አየችው።

"አስቀምጠውና ውጣልኝ" አለች። አስቀምጦት ወጣ። ባጎረስኩ ተነከስኩ ሲባል ስትሰማ የሰው ወሬ ይመስላት ነበር።

ያገለገለ ስክሪን ገዝታ ሰካች። የሹፌሩን ፎቶ ከፈተች፤ እውነትም ዱቄት ለብሷል። ጠይምነቱን መለሰችለት፤ ግንባሩ ላይ ኮፍያው ይሸፍነው የነበረውን ብቻ ነጣ አድርጋ ተወችው። ሰውዬው ሹፌር ሆነ። እጇ ምንም አልረሳም። ግን ማን ያምጣላት? "ዓይኔ ደህና ነው" ስትላቸው "አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል" ይሏታል። ወንድሜ ዋሸኝ ብላ አደባባይ እንዳትወጣ የእናቷ ልጅ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

በቀደም ደረጃውን ስትወርድ፣ ከላይ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ከኋላዋ ደርሳ ክንዷን ያዘቻት። "ቀስ በይ እትዬ፣ እዚህ ጋ ተሰብሯል።" በሌላ እጇ ፎቶ ይዛለች፤ ሕፃን የታቀፈች ሴት ናት፣ አገጯ ላይ ተቀዷል።

"እናቴ ናት፤ ያቀፈችው እኔን ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ወንድምሽ ጋ ልወስዳት ነው። ምነው ያንቺ ዓይን በነበረ!"

ሙት አስነሺ ፎቶውን አየች፤ ቀና ብላ የልጅቱን ፊት አየች። የእናትየዋ አገጭ እዚያ ነበር፣ ሳይጎድል፣ ከነስርጉዱ።

"አያለሁ እኮ፣ ልጄ" አለች።

"አይዞሽ እትዬ" አለች ልብስ ሰፊዋ። ክንዷን ጠበቅ አድርጋ ይዛ እስከ ታች አወረደቻትና፣ ፎቶዋን ይዛ ወደ ዋናው መንገድ ሄደች።