ላቡ ሲቆም

ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ ከመድኃኒት ቤቱ ነው የወሰዱኝ። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር የጻፍነው አቤቱታ አለቆችን አስቆጥቶ ነበር። አርባ ምንጭ ውስጥ ያለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ አድርሰውኝ የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። አሥራ አንድ ሴቶች፣ አንድ ባለ ሽቦ መስኮት፣ አንድ ባልዲ። ካቦዋ፣ ማለትም የእስረኞቹ አለቃ፣ ጋውኔን አይታ "ሐኪም ነሽ?" አለችኝ።

"ፋርማሲስት ነኝ።"

"ያው ነው። ከበሽተኛዋ ጎን ተኚ።"

በሽተኛዋ ሃምሳን ያለፉ፣ ከከተማው አጠገብ ካለችው ከጫኖ የመጡ ገበሬ ናቸው። ፖሊስ ወንድ ልጃቸውን ፈልጎ ሲያጣው እሳቸውን ይዞ መጣ። በየሰዓቱ ፊታቸው ይቀላል፣ በላብ ይጠመቃሉ፣ ነጠላቸውን ገፈው በእጃቸው ያራግባሉ። ክፍሉ ሁሉ ወባ ነው ብሎ ፈርዷል። እዚህ አገር ያላበው ሁሉ ወባ ነው፤ ተምሬያለሁ የምለው እኔም ገና ሳያቸው ወባ ብያቸው አረፍኩት። ግንባራቸውን ስነካ ግን ትኩሳት የለም።

"እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" አልኳቸው።

ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ግራ ደረታቸውን አሳዩኝ። ጡቱ የለም፣ ጠባሳ ብቻ ነው። "ለሱ ነጭ ኪኒን አለ። በር ላይ ወሰዱ። ሴት ልጄ ሌላ ብታመጣም መለሱ።"

ታሞክሲፈን ነው። ኢስትሮጅን የሚባል የሴት ሆርሞን እንዳለ፣ የእሳቸው ዓይነት ካንሰር በእሱ እንደሚያድግ፣ ኪኒኑ ደግሞ የሆርሞኑን ቦታ ቀድሞ እንደሚይዝ ነገርኳቸው። አልገባቸውም። እኛ ክፍል አንዷ ለምርመራ ስትጠራ ጎረቤቷ ፍራሿ ላይ ትጋደምላታለች፤ አለዚያ አዲስ ገቢ ይይዝባታል። "እንደዚያ ነው፣ ሆርሞኑ ሲመጣ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል" አልኳቸው።

ሳቁ። "ጎበዝ ኪኒን ነው" አሉ።

ላቡም ከመድኃኒቱ የመጣ መሆኑን ነገርኳቸው። ደግነቱ ቶሎ ከደም አይወጣም፤ ግማሹ ለመውጣት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። በየማለዳው ቆጠራ ላይ ኪኒኑ ይግባላቸው እያልኩ ጠባቂዎቹን እለምናለሁ፤ የካቴና ቁልፍ የለመንኩ ይመስል ይስቁብኛል። በአራተኛው ሳምንት ላቡ ራቀ፤ አንድ ቀን ነጠላቸውን ሳይገፉ ዋሉ። ሴቶቹ "ወባው ለቀቃቸው፣ ጌታ ይመስገን!" ብለው አጨበጨቡ። እሳቸውም ደስ አላቸው። የለቀቃቸው መድኃኒቱ መሆኑ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ፈራሁ።

በማግስቱ መርማሪው ሁለታችንንም አስጠራን። ጠረጴዛው ላይ የኪኒኑ ፓኬትና አንድ ወረቀት ነበር።

"ይኸው መድኃኒታቸው። ያሳመፀሽ ባልደረባሽ መሆኑን ፈርሚና ይዘው ይግቡ።"

ደክሞኝ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እስክሪብቶውን አነሳሁ።

"ወረቀቱ ምን ይላል?" አሉ እማማ። ነገርኳቸው። አማርኛቸው አንተና አንቺን አይለይም፤ እኔንም አንተ ነው የሚሉኝ።

"ልጄ፣ አትፈርም። ጡቴን ለሆስፒታል ሰጠሁ። ሰው ግን በኔ ስም አይሰጥም።"

ፓኬቱን በሁለት እጃቸው አንስተው ጎንበስ ብለው ወደ መርማሪው አስጠጉለት። "እግዜር ይስጥልኝ" አሉት፣ የተዋሰ ዕቃ እንደሚመልስ ሰው። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። አፈርኩ፤ ያፈርኩት በማንሳቴ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ እማማ ተጠርተው ወጡ። ወደ ቤታቸው ይሁን ወደ ሌላ እስር ቤት የነገረን የለም።

እኔንም ቆይተው ፈቱኝ፤ ዛሬ ሌላ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ስትመጣ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳታሳልፍ እስኪሰለቻት እነግራታለሁ። ያኔ ባለመፈረሜ ጓደኞቼ ያመሰግኑኛል፤ ባልደረባዬም ሳይታሰር ቀርቷል። ጫኖ ሩቅ አይደለም፣ በባጃጅ ይደረሳል፣ ቤታቸውንም አንድ ሰው ጠይቆ ማግኘት ይቻላል። እስከ ዛሬ አልሄድኩም። ሴት ልጃቸው ብቻዋን በሩን ከከፈተችልኝ ምን እንደምላት አላውቅም።