ሰው ያልሞተበት ልቅሶ

ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላም ባሉት መንደሮች ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላክባት እናኑ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሾ አውርዳለች። የሟቹ ልብስ ሲዘረጋ እሱን ፊት ለፊት እያየች፣ ቁጭ ብሎ እንደሚሰማት አድርጋ ታነጋግረዋለች፤ ያኔ ድንጋይ የሆነ ሰው ሁሉ ያለቅሳል።

አንድ ቀን ምራቷ ምሥራቅ ጎመን እየቀነጠሰች ስልኳን አሳየቻት። ሠርክአዲስ የምትባል የደምበጫ አልቃሽ ቲክቶክ ላይ ታንጎራጉራለች።

«ሟቹ ወዴት ነው?» አለች እናኑ።

«ከጎን ይሆናል፣ እማዬ።»

«ታዲያ ማንን ነው የምታየው?»

«ሕዝቡን ነዋ። መቶ ሺህ ሰው አይቷታል።»

«ድምፅዋ ቀጭን ነው» አለች እናኑ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እስቲ ድገሚው።»

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ «ያቺ ቀጭኗ ዛሬስ ማንን ቀበረች?» ሳትል አትተኛም። ምሥራቅ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

የአቶ ገብረሰንበት አርባ ሲቃረብ ግን ነገሩ ከፋ። የቀብሩ ዕለት እናኑ ታማ ስለቀረች ለአርባው ግጥሟን አሰናድታ ትጠብቅ ነበር። የሟቹ ልጅ ስመኘው ገበያ ላይ አገኛትና፣ «እትዬ እናኑ፣ እርስዎን ከምናደክም የደምበጫዋን ለመጥራት አስበናል። ልጆቹ በስልክ አይተው ወደዷት» አላት።

«ደግ አስባችኋል» አለችው። የገዛችውን ጨው እዚያው ረስታው ቤቷ ገባች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምራቷን ጠራቻት። «በይ እኔንም አንሺኝ። ስመኘው ይየው።»

«ሙሾ በደህና ቤት? ሟርት አይሆንም?»

«ቀስ ብዬ ነው የምለው።»

ሠላሳ ዓመት ሜዳ ላይ ያለቀሰ ጉሮሮ ቀስ ማለትን ከየት ያውቃል። ስልኩ መሶቡን ተደግፎ ቆመ፤ እናኑም ዓይኗን ስልኩ ላይ ተክላ ጀመረች፦

«ሞፈሩም ከደጅ ነው፣ ቀንበሩም ከጓዳ፤
ጌታው ወዴት ሄዶ፣ በሬው ሆነ ባዳ።»

ሁለተኛውን ሳትጨርስ ደጁ በሩጫ ተናወጠ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እየጮኹ ገቡ። ጎረቤቷ ክንዱ ለመቃብሩ አካፋ ሳይቀር ይዟል።

«ማን ነው? የባሕር ዳሩ ልጅሽ ነው?» አለች አንዷ።

«ማንም አልሞተም» አለች እናኑ፣ መሬት መሬት እያየች። «ለስልኩ ነው።»

«ስልኩ ነው የሞተው?» አለ ክንዱ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ክንዱ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ «ቅናት ያለ ሬሳ ያስለቅሳል ማለት ይኼ ነው» አለ። እናኑ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። የሠርክአዲስን ነገር ለካ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ከሴቶቹ አይናለም ብቻ አልሳቀችም። አራሽ ልጇን ከቀበረች ሁለት ዓመቷ ነው። በሩ ሥር ቁጭ ብላ እንባዋ ይወርዳል።

«የልጄ ቀንበር እስካሁን ጓዳ ነው ያለ» አለች። «ካመጣሽኝ አይቀር፣ እናኑ፣ ጨርሽልኝ።»

እናኑ አንዴ ስልኩን አየች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ አይናለም ዞረች፤ ልጁንም በስሙ ጠርታ ያሰናዳችውን ሁሉ አወረደችለት። ለአርባው የቀረ ግጥም አልነበራትም። የሚስቅም አልነበረም።

ሰዎቹ ሲሄዱ ምሥራቅ ስልኩን አነሣች። «ከኋላ ነው የሚታዩት እንጂ ድምፅዎ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ልልቀቀው?»

እናኑ ብዙ አሰበች። «የአይናለም ፊት አለበት?»

«አለበት።»

«እንግዲያ አጥፊው።»

አርባው ላይ ሠርክአዲስ አለቀሰች። እናኑ ራሴን አሞኛል ብላ ቤት ዋለች። ማታ ምሥራቅን፣ «እስቲ ክፈቺው» አለቻት። «ዛሬስ ሟቹን አየችው?»

«ኧረ አንዴም ዞር አላለችም።»

እናኑ ስልኩን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ እስኪያልቅም አልመለሰችው።

«ብታየው እኮ ታስለቅስ ነበር» አለች፣ ቅር እያላት።