ኤምና ዜድን ብቻ የሚያውቀው ባለሙያ

ወንድይፍራው የገዘር ከተማ ልጅ ነው። አስራ ሁለተኛን በጭንቅ ጨርሶ ጂንካ፣ እኛ የከብት ጤና ፕሮጀክት ውስጥ በታይፒስትነት ተቀጠረ። አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ያበላሻል። በ1981 ዓ.ም. ለፕሮጀክቱ ኮምፒውተር ሲመጣ ግን አዲስ አበባ ሄዶ እንዲሰለጥን የተመረጠው እሱ ነው። ኃላፊያችን ጓድ ፈለቀ የአክስቱ ባል ነበሩ።

ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። "ሲስተም" ሳይል ንግግር አይጨርስም። ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ጫማ አውልቀን እንድንገባ አዘዘ፤ እሱ ራሱ በጫማው ይገባል። እኔ ንብረት ክፍል ስለነበርኩ የጄኔሬተሩ ነዳጅ በእጄ ነው። ይህን ሁሉ ነዳጅ ምን ሲሠራበት እንደሚውል ብጠይቀው፣ "ቢነግሩዎትም አይገባዎትም፣ ጋሽ ተሰማ" አለኝ።

አንድ ነገር ግን በእርግጥ ያውቅ ነበር፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚያው ነው። በስልጠናው ላይ ስለ ቫይረስ ሲነገር፣ ፕሮግራም የሆነ ፋይል የሌላ ስም ቢለጠፍበትም ውስጡ እንደማይደበቅ ሰምቷል፤ ከፍተው ሲያዩት መጀመሪያው ላይ ኤምና ዜድ የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ይገኛሉ። ይህ እውነት ነው።

አንድ ቀን ከቅርንጫፍ ቢሮ በመጣ ዲስኬት ላይ "ሪፖርት" የሚል ፋይል ተገኘ። የክትባቱን ቁጥር የምታስገባው የሺመቤት ልታነበው ብትሞክር አልሆነላትም። ወንድይፍራው ስክሪኑ ላይ ሲያወጣው ኤምና ዜድ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዝብርቅርቅ ምልክት ነው፤ ማሽኑም ጢጥ ጢጥ አለ።

"ይሄ ሪፖርት አይደለም፣ ፕሮግራም ነው" አለ።

ስሙን ለውጦ ቢያስነሳው የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ሰነፍ ሠራተኛ አለቃው እንዳያይበት በሪፖርት ስም ደብቆት ኖሯል። ጓድ ፈለቀ በስብሰባ ላይ አመሰገኑት። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳይቀር ያንኑ ታሪክ ያወራ ነበር።

ላያዛልቅ ጸሎት ለቅስፈት ነው። ወንድይፍራው ነገሩን ገለበጠው፤ ኤምና ዜድ የሌለው ሁሉ ፕሮግራም ነኝ ቢል አስመሳይ ነው ብሎ ደመደመ። ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ሁለቱ ፊደላት ያልተገኙባቸውን ፕሮግራሞች ያጠፋ ጀመር።

"ማሽኑ ከመጣ ጀምሮ የነበሩ ናቸው፤ ተዋቸው እንጂ" አለችው የሺመቤት።

"ጠላትም አብሮ ይኖራል" ብሎ መለሰላት። ማሽኑ ቢበላሽ መልሰው የሚያስነሱትን ዲስኬቶችም አልማራቸውም።

በማግስቱ ኮምፒውተሩ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ ቆመ። ወንድይፍራው ፊቱ ሳይለዋወጥ "ቫይረሱ ቀደመኝ" አለ። የሺመቤት ፋይሎቹን ያጠፋው እሱ መሆኑን ለጓድ ፈለቀ ነገረቻቸው። "አንቺ ሥራሽ መጻፍ ነው" አሏት፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

በየቀበሌው የተከተበውና ያልተከተበው ከብት ቁጥር ማሽኑ ውስጥ ቀረ። ያለ ቁጥሩ ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት መድኃኒት አይልክም። በዚያ ሰሞን በኬንያ ጠረፍ፣ ኦሞራቴ በኩል የከብት ሳንባ በሽታ ገባ። ከታቢያችን ኤርጎ፣ የአሪ ሰው ነው፣ ባዶ መርፌ ይዞ የዚያው አገር ከብት አርቢዎች ዳሰነቾች ዘንድ ይውላል። አንድ ሽማግሌ መድኃኒቱ የት እንደቀረ ጠየቁት።

"ጂንካ ያለው ማሽን ተበላሽቶ ነው" አላቸው።

"ማሽኑ ከብት አለው?" አሉት።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲከፈት ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጣ። የራሱን ዲስኬት ከትቶ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ማሽኑን አስነሳው። ከዚያም ወደ ወንድይፍራው ዞሮ፣ "በኤምና ዜድ የሚጀምር ፕሮግራም አለ፤ ምንም ምልክት ሳይኖረው በቀጥታ ወደ ሥራው የሚገባም አለ። ያጠፋኸው ሌሎቹን ሁሉ የሚያሠራውን ነው" አለው።

"ስልጠናው ላይ ይሄ አልተነገረንም።"

"አጥፉም አልተባላችሁም።"

ክትባቱ ኦሞራቴ የደረሰው በረቱ ከሳሳ በኋላ ነው። በግምገማው ኤርጎ "ሕዝቡን አላረጋጋም" ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ወንድይፍራው ቫይረስ ተከላክሏል ተብሎ ምስክር ወረቀት ተቀበለና የክፍል ኃላፊ ሆኖ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወረ።

የሽኝቱ ቀን በግ ታረደ። ኤርጎም ከኦሞራቴ ገብቶ ነበር። ሥጋ ሲቀርብለት ሳህኑን ገፋ አደረገና፣ "ከብት ሲያልቅ እያየሁ ከርሜ ሥጋ አያምረኝም" ብሎ ወጣ።

ወንድይፍራው ፈገግ ብሎ፣ "እሱ ሲስተም አልገባውም" አለ። ጓድ ፈለቀ ሳቁ። ከዚያ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱት፤ እሱም አፉን ከፍቶ ተቀበለ።