የሥጋ ሻጩ ንፍሮ

አጎቴ ኮልፌ ውስጥ ሥጋ ቤት ነበራቸው። ሐኪሙ፣ «ደምዎ ውስጥ ስብ በዝቶ ልብዎን አድክሞታል፤ ጮማና ቅቤ ይተዉ» ካላቸው ወዲህ ምሳቸው ያልተፈተገ ገብስና የባቄላ ንፍሮ ሆነ፤ አንዳንዴ ጎመን ይጨመርበታል። ለደንበኛ ጮማውን ቆርጠው ይሰጡና እጃቸውን ታጥበው ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠው ንፍሯቸውን ይበላሉ።

«ሐጂ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» ይሏቸዋል ደንበኞቹ እየሳቁ።

«ለቅሶው እንዲዘገይ ብዬ ነው» ይላሉ፤ እሳቸው አይስቁም።

ባለፈው ወር ሥጋ እየመዘኑ ሳለ ወደቁ፤ በዚያው አልተነሡም። ከቀብር መልስ አንድ ጎረቤት፣ «ሥጋ እየሸጡ በገብስ ራሳቸውን ጎዱ» ብሎ አጉረመረመ። ባለቤታቸው ሰሙት።

«ታናሹ ልጃችን ዳዴ ሲል ነው ሐኪሙ ‹ለአቅመ አዳም ሲደርስ አባቱ አያዩትም› ያለኝ» አሉት ቀስ ብለው። «ዛሬ ጀናዛውን ከፊት የተሸከመው ማን ነው?»

ጎረቤቱ ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ጢም አብቅሏል።

ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል። በምሳ ሰዓት በዚያ ሳልፍ «ነይ፣ ዝገኚ» የሚለኝ የለም።