ሁለት መነጽር ለአንድ ጠመንጃ

ባለቤቴ ከቀኝ ቅንድቡ ከፍ ብሎ ትንሽ ጠባሳ አለው። ያመጣው በተጋባን ዓመት ነው። ግንባሩ ተሰፍቶ፣ ዐይኑ አብጦ ከአርሲ ተራራ ሲመለስ ጎረቤት ሁሉ አየው፤ በማግስቱም ሰፈሩ በሙሉ ሚስቱ ፈነከተችው ብሎ አወራ። እስከ ዛሬ በተጣላን ቁጥር ጠባሳውን በጣቱ እየነካ "እባክሽ እንዳትደግሚኝ" ይለኛል።

የፈነከተው ግን ጠመንጃው ነው። የባለቤቴ ሥራ ፈቃድ አውጥተው ደጋ አጋዘን ለማደን ከውጭ የሚመጡ እንግዶችን ተራራ ላይ መምራት ነው። እንግዳው አቁስሎት እንስሳው ገደል ከተሻገረ፣ ተከትሎ ስቃዩን የሚያሳጥርለት እሱ ነው። ለዚህ የሚይዘው ጠመንጃ ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው የሚደርስ ትልቅ መሣሪያ ሲሆን፣ ሲተኮስ ትከሻን እንደ በቅሎ ይረግጣል። በላዩ የሚታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር ለዐይን በጣም ከቀረበ፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድብ ይበጣል።

ባለፈው ዓመት አሮጌው መነጽር ውስጡ ጭጋግ ገባበትና አልጠራ አለ። ለብዙ ዓመት የሚያውቀው አንድ እንግዳ ይህን ሰምቶ ሁለት አዳዲስ መነጽሮች ይዞለት መጣ። የወደድከውን አስቀር፣ ሌላውን በአደኑ ወቅት ስመለስ እወስደዋለሁ ብሎት ሄደ። አንዱ ረጅምና ከባድ ነው፤ የሩቁን አምጥቶ አፍንጫ ሥር ያስቀምጣል። ሌላው አጠር ያለ ነው፤ ያን ያህል አያቀርብም።

እኔ ገበያው አጠገብ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሰው ሲመርጥ ማየት ሥራዬ ነው፤ ደንበኛ አፉ ሌላ ቢያወራም ልቡ የወደደውን ጨርቅ እጁ ቀድሞ ይነካዋል። የባለቤቴ እጅ በተደጋጋሚ ወደ ትልቁ ሄደ። ገረመኝ። ያ ጠባሳ ከወጣበት ጀምሮ አብረውት የሚሠሩትን ሁሉ "መነጽር ባቀረበ ቁጥር አትጎምጁ፣ ዐይናችሁን ራቅ አድርጎ የሚያሳያችሁን ያዙ" እያለ ሲቆጣ የኖረ ሰው ነው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ልሞክራቸው አለ።

"ጠመንጃውን ይዘህ ጣሪያ ላይ ከወጣህ ፖሊስ ቀድሞ የሚይዘው እኔን ነው" አልኩት። "ስሜ ድሮም ጠፍቷል።"

ሳቀና መነጽሮቹን ብቻ ይዞ ወጣ። የጤፍ ጆንያ ተሸክሜ ተከተልኩት፤ ትልቁን እሱ ላይ አስደገፈው። ከጣሪያችን ላይ በአሰላ መንገድ በኩል ያለው ኮረብታ ይታያል። ጫፉ ላይ አንዲት ግራር አለች፤ በባዶ ዐይን ነጥብ ታክላለች። ወደ ተራራ በሄደ ቁጥር በሥሯ ስለሚያልፍ ይወዳታል። ቀኝ ዐይኑን አስጠግቶ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"እግዚኦ! ግራሯን ብታያት! ቅጠሏን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ" አለ።

ለማየት ጓጉቼ ገፋ አደረግኩትና እኔም አየሁ። ግራር የለም። የተቆፈረ ቀይ አፈር፣ የድንጋይ ክምርና አንድ ጉቶ ብቻ ነበር። ለመንገድ ሥራ ቆርጠዋታል። "እስቲ በሌላውም ሞክር" አልኩት። ትንሹንም አስደግፎ አየና ግራሯ በዚህኛው ትንሽ ራቅ ትላለች አለኝ። እያየ ሳይሆን እያስታወሰ መሆኑ ያኔ በደንብ ገባኝ።

ይህ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ከቆሰለ አውሬ ኋላ ገደል ሊገባ ነው። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ምሳ አቅርቤ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልሆነልኝም።

"ግራሯ ተቆርጣለች" አልኩት።

የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠ። "መቼ?"

"እኔ እንጃ። ጉቶዋ ብቻ ነው ያለው።"

"ቆንጆ ዛፍ ነበረች" አለ። ቆይቶ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ከሄደ መክረሙን ነገረኝ። የዐይን ግፊት የቀኙን ነርቭ ጎድቶታል፤ የጠፋው አይመለስም፤ ግራው በመድኃኒት ይጠበቃል። ትልቁን መነጽር የፈለገው ለዚያ ነው። ነገሩ በጣም ከቀረበ ዐይኔ ያገኘው ይሆናል ብሎ ነው።

ጮህኩበት። አለቀስኩም። "እኔ ባዳ ነኝ? ለማን ብለህ ነው የደበቅከኝ?"

"ላንቺ ከነገርኩሽ እውነት ይሆንብኛል ብዬ ነው" አለኝ።

ከዚያ በኋላ መቆጣት አልቻልኩም። የዕለት መድኃኒቱን ዐይኑ ላይ የማንጠባጥበው እኔ ሆንኩ። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። አንድ ቀን ከሱቅ ቀደም ብዬ ስገባ ኮሪደሩ ላይ የመጥረጊያ እንጨት ግራ ትከሻው ላይ ደግኖ፣ ግራ ዐይኑን ከፍቶ፣ የግድግዳውን ካላንደር ሲያነጣጥር አገኘሁት። ዕድሜውን ሙሉ በቀኝ የተኮሰ ሰው እንደ አዲስ ምልምል ይለማመዳል። ድምፄን ሳላሰማ ወደ ኋላ ተመልሼ ወጣሁና በሩን በኃይል አንኳኳሁ።

የመጥረጊያውን ነገር አንስተን አናውቅም። ያን ሳምንት ግን ሁሩታ ከተማ ደውሎ ባልደረባውን ጠራው። ይህ ሰው ለዓመታት ዱካ እየፈለገለት አብሮት የወጣ፣ በቅርቡም የራሱን የመሪነት ፈቃድ ያገኘ ጎልማሳ ነው። አንድ ጆንያ ድንች ተሸክሞ ደረሰ።

"አካም ጅርቱ፣ እትዬ! ጋሼስ ደህና ናቸው?"

ባለቤቴ ሁለቱን መነጽሮች ፊቱ ደረደረለትና "ምረጥ" አለው። ሰውየው ትልቁን አንስቶ በበረንዳው ወደ መንገዱ አየ።

"ያ ረቢ! የባጃጁ ሹፌር ጥርስ ይታያል! ይሄ ነው ጋሼ፣ ምን ጥያቄ አለው?"

"ና ተኛ" አለው ባለቤቴ። ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ በደረቱ አስተኛው። ጥይት የሌለበትን ጠመንጃ አስያዘው። ትልቁን መነጽር አስሮበት፣ አጠገቡ ተንበርክኮ፣ በሰውየው ዐይንና በመነጽሩ መካከል ጣቶቹን አስገባ። ሁለት ጣት ብቻ ገባ። ጠባሳውን አሳየው። ከዚያ ትንሹን አሰረለትና እንደገና ለካ፤ አራት ጣት ያለ ችግር ገባ።

"ይሄኛው ነው። አንገትህ ከእኔ ስለሚረዝም መነጽሩን ወደ ፊት ገፋ እናድርገው።"

"ጋሼ፣ የምንመርጠው ለእርስዎ መስሎኝ።"

ባለቤቴ ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠለ። ሰውየው ቀስ ብሎ ገባው። ተነስቶ ተቀመጠና አንዴ ባለቤቴን፣ አንዴ እኔን አየ።

"እርስዎስ?"

"እኔ አንተ እስክትመለስ እዚህ ነኝ። ቀኙ ዐይኔ አልቋል።"

ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል ባለቤቴ ትከሻውን ይዞ አስቆመውና "ገና አልጨረስኩም፣ ተኛ" አለው። እስከ አመሻሽ ድረስ ሲለካካና ሲያስተካክል ዋለ።

አደኑ የተጀመረ ዕለት ሱቄን አልከፈትኩም። እሱ ቡትስ ጫማውን አጥልቆ በረንዳ ላይ ተቀመጠ፤ አውልቅ ለማለት አልደፈርኩም። አዘንኩለት። ደግሞ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኝም ነበር። ባሌ እቤቴ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። የባልደረባው ሚስት ነበረች፣ ከሁሩታ። ተራራው ላይ ኔትወርክ ስለሌለ ወሬ ካለ ብላ ነው። ባለቤቴ መነጽሩን በእጁ እንደለካለት፣ ቅንድቡን እንደማይነካው፣ እንዳታስብ ነገራት። እሷ ሌላ ነገር ጠየቀችው መሰለኝ፤ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ እኔ ዞረ።

"እስኪደውል ድረስ ምን ላድርግ ትላለች" አለኝ። ድምፁ ሌላ ሆኖብኝ ነበር። "አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?"

በትዳራችን ሁሉ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ነግሬው አላውቅም። ስልኩን ተቀበልኩት።

"እህቴ" አልኳት፣ "ንጹሕም ቢሆን ብርድ ልብሱን አውጥተሽ እጠቢ። መኪና በቆመ ቁጥር ወደ መስኮት አትሩጪ፤ እኔ እየሮጥኩ ልቤን ጨረስኩ። የሚወደውን ወጥ ቀድመሽ አትሥሪ፤ ካልመጣ የሚበላው የለም፣ ማየቱ ይከብድሻል። ማልቀስ ካማረሽ ሽንኩርት ክተፊ፤ ማንም ምን ሆንሽ አይልሽም። ካቃተሽ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ደውይልኝ፤ እኔ የምደውልለት ሰው አልነበረኝም።"

ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል ባለቤቴ እያየኝ ነበር። ሁለቱም ዐይኖቹ ያነባሉ፣ የማያየውም ጭምር።