ጫግኒ ላይ የበረረው ፒካፕ

ባለቤቴ ፕሪንተር ይጠግናል። ኢንጅባራ ውስጥ ወረቀት ነክሶ አልለቅ ያለ ፕሪንተር ካለ የሚጠራው እሱ ነው። ጉዳችን የጀመረው አሮጌው ፒካፓችንም ኮምፒውተር እንዳለው ያወቀ ቀን ነው። ናፍታው መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ ሞተሩን የምታዝ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ሰውየው ይህን ሲሰማ የጠፋ ወንድሙን ያገኘ ያህል ደስ አለው። ፕሪንተርም በኮምፒውተር ይሠራል፣ መኪናም በኮምፒውተር ይሠራል፤ እንግዲህ ለመማር ምን ቀረው?

ፒካፑ ድንች ጭኜ ወደ ጫግኒ የምወርድበት የእኔ መተዳደሪያ ነው። ዳገት ላይ ያቃስታል፣ ግን ይወጣል። መካኒኩም "ሽማግሌ ነው፣ አታስቸግሪው" ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ግን ስልኩ ላይ አንድ ግሩፕ ተቀላቅሎ፣ በየአገሩ ያሉ ወንዶች ሚስቶቻቸውን ሳያማክሩ አሮጌ መኪና የሚያፈጥኑበትን ጥበብ ሲቀስም ከረመ። ኬብል አስመጣ። በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ የነበረውን የድሮ ፋይል ገልብጦ ፍላሽ ላይ አስቀመጠ፤ ፍላሹንም ለጥንቃቄ ቤታችን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ጥንቃቄ ይወዳል። ከዚያ አዲስ ፋይል ከግሩፑ አወረደ። ፋይሉን ያዘጋጀው ሰው ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ አገር የሚኖር መሆኑን እንደ ማዕረግ ነው የነገረኝ።

አዲሱ ፋይል ሲጫን የመኪናው ባትሪ በቻርጀር መደገፍ አለበት፤ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ የሞተሩ ኮምፒውተር ሞተ ማለት ነው። ኢንጅባራ ላይ ያን ሰሞን መብራት የሚመጣው ለጥየቃ ያህል ነበር። ስለዚህ ሥራው ጫግኒ፣ ወንድሜ ግቢ ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። የወሰነው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

አባቴም ያኔ ወንድሜ ቤት ነበር። የደጋው ብርድ ደረቱን ስላስቸገረው፣ ቆላ ይሻለዋል ብለን አውርደነዋል። ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ እየሞቀ፣ አማቹ ላፕቶፑን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ ሲያፈጥበት ብዙ ጊዜ ተመለከተው።

"ምን ሁኖ ነው? ታሞ ነው?" አለው።

"አይ አባባ፣ ጉልበት ልጨምርለት ነው።"

አባቴን ሳል ያዘው። ሳሉ ሲለቀው "ለእኔስ የሚሆን የለህም?" አለ።

ሁላችንም ሳቅን። ፋይሉ ተጫነ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ባለቤቴ ጫግኒን በፒካፕ ዞራት። በረረ፤ ይህን አልክድም። ባጃጆች ጥግ ያዙ። ሲመለስ ፊቱ ላይ የነበረውን ኩራት በሠርጋችን ቀን እንኳ አላየሁትም። ወንድሜ ግን "ዳገት ላይ አልሞከርከውም እኮ" አለው። ባለቤቴ ስለ መኪና የማያውቅ ሰው ሲያናግረው እንደሚያደርገው ፈገግ ብቻ አለ።

አባቴ በዚያው ሳምንት፣ አንድ ማለዳ ላይ ዐረፈ።

አደራው አንዲት ብቻ ነበረች፦ አፈሩ ደጋ፣ የገዛ ደብሩ ውስጥ፣ እናቴ ጎን እንዲሆን። "ቆላ እንዳትተዉኝ" ይለን ነበር። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተባለ፤ ካህናቱ ከዚያ በኋላ ሌላ አገልግሎት ነበረባቸው። ወንድሜ የጭነት መኪና ልከራይ ሲል ባለቤቴ "ፒካፓችን እያለ?" ብሎ ቆጣ አለ። እኔም አዎ አልኩ። አባቴን በራሳችን መኪና ማድረስ ነበር የፈለግሁት።

የአባቴን ሣጥን ጭነን፣ ባለቤቴ እየነዳ ወጣን። ለቀስተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ በሚኒባስ ተከተለን። ሜዳውን እንደ ነፋስ ጨረስነው። ከዚያ ዳገቱ መጣ።

ጫግኒ ዝቅ ያለ አገር ነው፣ አየሩ ለሞተርም ለሰውም ይበቃል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ሄደ። የባሕር ዳርቻው ሊቅ ፋይል ግን ይህን ከየት ይወቀው? ናፍታውን ያለ ስስት ያፈስሰዋል። ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር። መንገድ ዳር የነበሩ ሰዎች ለከሰል የሚተከለው ዛፍ፣ ዲከረንስ፣ እየከሰለ መስሏቸው ወደ ጫካው ሲዞሩ አይቻለሁ። ከኋላችን ሚኒባሱ ከነለቀስተኛው ጠፋ፤ የሚሰማው ጥሩምባው ብቻ ነበር።

"ይሞቃል፣ ከዚያ ይስተካከላል" አለ ባለቤቴ።

ሞቀ። አልተስተካከለም። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በራ፣ ሞተሩ ጉልበቱን ለቀቀ፣ ደብሩ ሊታየን ትንሽ ሲቀረን ዳገቱ ላይ ቀጥ አልን። ለቀስተኛው ከሚኒባሱ ሲወርድ ነጭ ለብሶ የመጣ የሚመስል ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ ላፕቶፑን ኮፈኑ ላይ ዘረጋ። አባቴ ኋላ፣ እሱ ፊት።

"የድሮውን ፋይል ብመልሰው ይነሣል" አለ።

"መልሰዋ!"

"ፍላሹ ቤት ነው።"

ከዚያ የተናገርኩትን አልጽፈውም። አባቴ አጠገባችን ነበር። ቀና ብዬ ፀሐይዋን ሳያት ከራሳችን አልፋ ዘንበል ብላለች፤ አደራውን የበላሁ መሰለኝ።

በእኛ አገር ፈረሰኞች ለሠርግም ለለቅሶም ይወጣሉ። የአባቴም ጓደኞች አስከሬኑን ሊቀበሉ ከላይ መገንጠያው ላይ ቆመው ሲጠብቁ ጭሱን አይተው ኖሯል፣ ፈረሶቻቸውን እያሰገሩ ወረዱ። ፊት የነበሩት ሽማግሌ "ምነው፣ እዚህ አቆማችሁት?" አሉ። ባለቤቴ ስለ አየር መሳሳት ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ሽማግሌው አልጠበቁትም፤ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው በአዊኛ ተናገሩ። ከፈረሰኞቹ ወጣቶቹ ወረዱ፣ ሣጥኑን አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። የቀሩት በፈረስ ከፊት ሆኑ። ዳገቱን እየተፈራረቁ ተሸከሙት። ባለቤቴም ተራው ሲደርስ የላፕቶፑን ቦርሳ ጀርባው ላይ እንዳነገተ ገባበት፤ ቦርሳውን ለማንም አላምንም አለ።

ካህናቱ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ነበር። ደረስን። አባቴ ከእናቴ ጎን ገባ።

ለቅሶ ቤት የመጣው ሰው ሁሉ ቀብሩን ሲያሞግስ ዋለ። "ከመኪና አውርዳችሁ በትከሻና በፈረስ ማስገባታችሁ ደግ አደረጋችሁ፤ የእሱ ክብር ይኸ ነበር" ይላሉ። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ምስጋናውን ይቀበላል። አንድ ቃል አላረመም።

እኔም አላረምኩም። ከጫግኒ ጀምሮ ዓይኔ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ ስበሳጭ አንዲት እንባ አልወረደኝም። ልቅሶው የመጣልኝ በእግሬ ከሣጥኑ ኋላ ስሄድ ነው፣ የምጠብቀው መብራት፣ የማዳምጠው ሞተር ሳይኖር፣ አባዬ እያልኩ። ፒካፑ ባይቆም ኖሮ አባቴን ሳላለቅስለት እቀብረው ነበር።

ይህን ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኩትም። ከነገርኩት "ሆን ብዬ ነው ያቆምኩት" ይለኛል።